ከቦታ ዝርዝር በፊት ብርሃኑን ማየት

በትልቅ ከተማ ውስጥ ለቅዳሜና እሁድ የፎቶ አንሺዎች መሰባሰቢያ የሚያዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው የቦታ ዝርዝር በማውጣት ነው። ዝነኛው ድልድይ፣ አሮጌው ገበያ፣ የወንዙ ዳርቻ፣ ረጅሙ ሕንፃ፣ አበባ ያለበት መናፈሻ እየተባለ አሥር አሥራ ሁለት ቦታ ይደረደርና በመካከላቸው የባቡርና የአውቶቡስ መስመር ይታሰባል። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ሲታይ ያጓጓል፤ ሲተገበር ግን ተሳታፊው ቀኑን የሚጨርሰው ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲሮጥ ስለሆነ፣ ይዞ የሚገባው ፎቶ ማንኛውም አላፊ ጎብኚ በስልኩ ከሚያነሳው ብዙም አይለይም። እኔ የያዝኩት አካሄድ ሌላ ነው። በመጀመሪያ የማጣራው ብርሃኑ በስንት ሰዓት በየትኛው መንገድ ላይ እንደሚያርፍ ነው፤ የምንሄድበት ሰፈር፣ የምንገናኝበት ሰዓት፣ የተሳታፊው ቁጥርና የእረፍቱ ጊዜ የሚወሰኑት ከዚያ ወዲህ ነው።

ፀደይ ለዚህ አሠራር የተመቸ ወቅት ነው። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ፀደይ የሚገባው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ በእርሱ ናቸው) ማርች 20 ገደማ፣ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ሰሞን ሲሆን፣ በእነዚህ ቀናት ፀሐይ የምትወጣው ከሞላ ጎደል ከትክክለኛው ምሥራቅ፣ የምትጠልቀውም በትክክለኛው ምዕራብ ነው። ስለዚህ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ መንገድ በማለዳና በአመሻሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርሃን ይገባዋል። በቺካጎ መንገዶቹ ከአራቱ ማዕዘናት ጋር ተስተካክለው ስለተቀየሱ በዚህ ሰሞን ፀሐይዋ በሕንፃዎቹ መካከል፣ በመንገዱ ጫፍ ላይ ስትጠልቅ ትታያለች፤ ይኸው ነገር በሴፕቴምበርም ይደገማል። የማንሃተን መንገዶች ግን ከትክክለኛው ሰሜን ወደ 29 ዲግሪ ያህል ዘወር ብለው የተሠሩ በመሆናቸው፣ ፀሐይዋ ከመንገዱ ጋር ተስተካክላ የምትጠልቀው በማርች ሳይሆን በሜይ መጨረሻና በጁላይ አጋማሽ ነው። ካርታውን ሳያይ «ፀደይ ስለሆነ በምሽት መንገዱ ዳር ቆመን ፀሐይዋን እናነሳለን» ብሎ ያቀደ ሰው በአንደኛው ከተማ ይሳካለታል፣ በሌላኛው ደግሞ ፀሐይዋን ከሕንፃ ጀርባ ሲፈልጋት ያመሻል። የመንገዱን አቅጣጫ በካርታ ላይ መለካትና በዚያ ቀን ፀሐይ የምትጠልቅበትን ማዕዘን ከሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ ጋር ማመሳከር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህን ሥራ ግን ከአዘጋጁ በቀር ማንም አይሠራውም።

የቀኑ ርዝመት በፍጥነት የሚለወጠውም በዚሁ ሰሞን ነው። ለንደንን በመሰለ ከተማ ቀኑ በየዕለቱ አራት ደቂቃ ያህል ስለሚረዝም፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ልዩነት ይፈጠራል፤ ቀኑን በአሥራ አምስት ቀን ያስተላለፈ አዘጋጅ የሰዓት ሠሌዳውንም እንደ አዲስ መሥራት ይኖርበታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በብዙ አገሮች በፀደይ የሚደረገው የሰዓት ለውጥ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሰዓቱ ወደፊት የሚገፋው በማርች የመጨረሻ እሁድ፣ በአሜሪካ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ በማርች ሁለተኛ እሁድ ሌሊት ነው። በዚያ እሁድ ጎህ ሲቀድ ለመገናኘት የተቀጠረ ቡድን ግማሹ አንድ ሰዓት ዘግይቶ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ በመሆኑ፣ ያን ቀን መዝለል ወይም የማለዳውን መርሐ ግብር ወደ ቅዳሜ ማዛወር ብልህነት ነው። ስልክ ራሱን ያስተካክላል፤ ካሜራ ግን ሰው ካልነካው በቀር በአብዛኛው በድሮው ሰዓት ይቀጥላል። ስለዚህ ተሳታፊዎች እንደተገናኙ ሁሉም የአንድን ስልክ ሰዓት፣ ሰከንዱ ጭምር በሚታይበት ሁኔታ በየካሜራቸው አንድ አንድ ጊዜ እንዲያነሱት አደርጋለሁ። በኋላ የሁሉም ፎቶ በአንድ ላይ በጊዜ ቅደም ተከተል ሲደረደር፣ የየካሜራው የሰዓት ስሕተት ከዚያች አንዲት ፎቶ ላይ ተነብቦ ይታረማል።

አሁን ወደ ሕንፃዎቹ እንምጣ፤ በትልቅ ከተማ ዕቅድን ከሁሉ በላይ የሚያፈርሰው ነገር እዚህ ላይ ነውና። ፎቶ አንሺዎች ወርቃማ ሰዓት የሚሉት ፀሐይ ከአድማስ በላይ ስድስት ዲግሪ ከሚሆነው ከፍታ በታች ስትሆን ያለውን ለስላሳና ሞቅ ያለ ብርሃን ነው። መተግበሪያው ይህን ጊዜ ሲያሰላ ሜዳ ላይ የቆመን ሰው ያስባል፤ በመንገድ ላይ ግን ሕንፃ አለ። ሃምሳ ሜትር ቁመት ያለው ሕንፃ ፀሐይ 45 ዲግሪ ላይ ስትሆን የሃምሳ ሜትር ጥላ ይጥላል፤ 20 ዲግሪ ላይ ስትወርድ ጥላው ከ130 ሜትር ያልፋል፤ 10 ዲግሪ ላይ ደግሞ 280 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህ ማለት ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጋ ጠባብ መንገድ ላይ ቀጥተኛው ብርሃን መተግበሪያው «ወርቃማው ሰዓት ተጀመረ» ከማለቱ ብዙ ቀደም ብሎ ሄዷል ማለት ነው። ቡድኑ በዚያ ሰዓት መገኘት ያለበት ሰማይ ሰፋ ብሎ በሚታይበት ቦታ ነው፤ በወንዝ ዳር፣ በድልድይ ላይ፣ በሰፊ አደባባይ፣ በባቡር ሐዲድ መሻገሪያ ላይ ወይም ወደ ምዕራብ ተዳፋት ባለው ኮረብታ ላይ። አዘጋጁ ከሳምንት በፊት በዚያው ሰዓት ሰፈሩን አንድ ጊዜ በእግሩ ቢዞርና ፀሐይ የትኛውን መንገድ በስንት ሰዓት ለቃ እንደሄደች በካርታው ላይ በእርሳስ ቢጽፍ፣ ከማንኛውም መተግበሪያ የተሻለ ሠሌዳ ይኖረዋል።

ጥላ ውስጥ የገባ መንገድ ሁሉ የሞተ ነው ማለት ግን አይደለም። መስተዋት የለበሰ ሕንፃ ፀሐይዋን ተቀብሎ ወደ ማዶው የእግረኛ መንገድ ይመልሳታል። በጥላው መካከል፣ በአስፋልቱ ላይ፣ የመስኮቱን ቅርጽ የያዙ ጠማማ የብርሃን መደቦች ተዘርግተው ይታያሉ፤ አንዳንዱ እንደ ጨርቅ ተጨማዶ፣ አንዳንዱ በመስኮቶቹ መጋጠሚያ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ። እግረኛው ከጥላው እየመጣ በመጀመሪያ የጫማው ጫፍ፣ ቀጥሎ ጉልበቱ፣ ከዚያ ፊቱ ለአንድ እርምጃ ያህል ይበራና ተመልሶ ይጨልማል። እዚህ ቦታ ላይ ማድረግ ያለብን የካሜራውን የብርሃን ልኬት በበራው ቦታ ላይ መውሰድ፣ ጀርባው እንዲጨልም መፍቀድና መጠበቅ ብቻ ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400፣ ኤፍ (የሌንሱ ክፍተት) 8፣ የ1/250 ሰከንድ ሹተር (ብርሃኑ የሚገባበት ጊዜ) ለመነሻ ይበቃል፤ ካሜራው በራሱ እንዲለካ ከተተወ ግን ጥላውን ለማብራት ሲል ብርሃኑን ስለሚያቃጥለው፣ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። የብርሃን መደቡ ፀሐይዋ በሄደች መጠን ስለሚንሸራተት፣ በአንድ ቦታ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። በዕቅዴ ውስጥ ለአንድ የመንገድ ጥግ አርባ ደቂቃ ስመድብ «ይበዛል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ ቦታው ላይ ከደረስን በኋላ ግን አርባው ደቂቃ ሲያልቅ ለመንቀሳቀስ የሚቸኩል አላየሁም።

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ጊዜ ለከተማ ፎቶ ከወርቃማው ሰዓት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ገና ሳይጠቁር፣ የመንገድና የመስኮት መብራቶች የሚበሩበት፣ የሁለቱም ብርሃን መጠን ተቀራርቦ በአንድ ፎቶ ውስጥ የሚስማማበት ጊዜ ነው። ፀሐይ ከአድማስ በታች ስድስት ዲግሪ እስክትደርስ ያለው ወገግታ በፀደይ መግቢያ ሰሞን ከምድር ወገብ አጠገብ ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ይቆያል፤ በለንደን ከግማሽ ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ በስቶክሆልም አርባ ደቂቃ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ምርጡ የመጨረሻው አጋማሽና ወዲያው ተከትሎት የሚመጣው አጭር ጊዜ ስለሆነ፣ ቡድኑ በዚያ ሰዓት ቦታ እየፈለገ ሳይሆን ቦታውን ይዞ መቆም አለበት። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) የሌለው ሰው በአይኤስኦ 1600፣ በኤፍ 2.8 እና በ1/60 ሰከንድ በእጁ ይዞ ማንሳት ይችላል። ትራይፖድ ያለው ደግሞ አይኤስኦውን ወደ 100 አውርዶ ሹተሩን ለብዙ ሰከንዶች በመክፈት የሚተላለፈውን ሰው ያሟሟዋል። ከፎቶግራፍ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ዳጌር በ1838 በፓሪስ አንድን ሰፊ ጎዳና ከመስኮት ሲያነሳ የሆነው ይኸው ነበር። ፎቶው ለመነሳት ደቂቃዎች ስለፈጀበት ሠረገላውም እግረኛውም ጠፍቶ ጎዳናው ባዶ መስሎ ሲታይ፣ ጫማውን ለማስጠረግ አንድ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ብቻ በምስሉ ውስጥ ቀረ። ሰው በማይጠፋበት አደባባይ ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ከመካከላችን አንዱ ሳይነቃነቅ እንዲቆም ብናደርግ ሕዝቡ በዙሪያው እንደ ጭጋግ ሲያልፍ ይታያል።

በፀደይ የሚዘጋጅ መሰባሰቢያ ስለ አበባ ሳያነሳ አያልፍም፤ እኔ ግን ቀኑን ከአበባ ጋር ማሰር አልወድም። አበባ ቀጠሮ አያከብርም። በጃፓን የቼሪ አበባ መከፈቱ የሚታወጀው ለምልከታ በተመረጠ ዛፍ ላይ አምስት ወይም ስድስት አበቦች ሲፈኩ ነው፤ ከዚያ እስከ ሙሉ ፍካት አንድ ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድ ቀን የጣለ ዝናብና ነፋስ ሁሉንም መሬት ላይ ያራግፈዋል። በኪዮቶ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ በሚሄደው መዝገብ፣ በ2021 ሙሉ ፍካቱ እስከዚያ ድረስ ከተመዘገቡት ሁሉ ቀድሞ ማርች 26 ላይ ታይቷል። በዋሺንግተን፣ ከጃፓን በ1912 በስጦታ የመጡት ከሦስት ሺህ በላይ ዛፎች በተተከሉበት የውኃ ዳር፣ ሙሉ ፍካት የሚባለው ከአበቦቹ ሰባ በመቶው ሲከፈት ነው፤ ቀኑም ከዓመት ዓመት በሳምንታት ይለያያል። ሰዎች ከሩቅ የሚመጡበት፣ ቲኬት የሚቆርጡበትና ፈቃድ የሚወስዱበት መሰባሰቢያ በዚህ ላይ ሊቆም አይችልም። ቅጠል ስላላወጡት ዛፎች ግን ማሰብ ይጠቅማል፤ በማርች እርቃናቸውን ባሉት ቅርንጫፎች መካከል የሚታየው የሕንፃ ፊት በሜይ በቅጠል ይሸፈናልና፣ የሥነ ሕንፃ ፎቶ የሚወድ ቡድን መፍጠን ይኖርበታል።

ቀን ሲመረጥ ከተማው ራሱ በዚያ ቀን ምን እንደሚያደርግም መታየት አለበት። የለንደንና የፓሪስ ማራቶኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄዱት በኤፕሪል እሁድ ላይ ነው፤ በዚያ ቀን ግማሽ ከተማ ይዘጋል፣ አውቶቡስ መንገዱን ይቀይራል፣ ድልድይ ተሻግሮ መገናኘት አይሆንም። ያ ሩጫውን ለማንሳት ለመጣ ቡድን ሲሳይ ነው፤ ጸጥ ያለ መንገድ ለፈለገ ግን ዕቅዱን ያበላሻል። የምዕራባውያኑ ፋሲካ ከማርች 22 እስከ ኤፕሪል 25 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚዋልል ገበያው፣ ሙዚየሙና ካፌው ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ቅዳሜና እሁድ ራሳቸው አይመሳሰሉም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከተማው ሰው ነው፤ ገበያ፣ ፊት፣ እንቅስቃሴ ይበዛል። እሁድ ማለዳ ደግሞ፣ በተለይ በሥራ ቀናት ብቻ ሰው የሚገባባቸው የባንክና የመሥሪያ ቤት ሰፈሮች፣ እንደ ለንደኑ የፋይናንስ ሰፈር ያሉት፣ ጭር ብለው ለመስመርና ለጥላ ይተዋሉ። ስለዚህ ቅዳሜን ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ማምሻው ለሰው፣ እሁድ ማለዳን ለሕንፃ መመደብ እወዳለሁ፤ በመካከሉ ያለው ሌሊት ለእንቅልፍና ፎቶ ለመምረጥ ይሆናል።

ስለ ሰው ብዛት አቋሜ የጸና ነው፤ ከስምንት ሰው በላይ አብሮ አይሄድም። አሥራ አምስት ሰው ካሜራ ይዞ በአንድ የእግረኛ መንገድ ላይ ሲቆም መንገዱ ይዘጋል፣ አላፊው ፊቱን ይከልላል፣ ጥበቃው ይመጣል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ የሌላኛው ተሳታፊ ጀርባ ይገባል። ፈላጊው ከበዛ በሁለትና በሦስት ቡድን ከፍሎ በተለያየ ጫፍ ማስጀመርና መካከል ላይ ማገናኘት ይቻላል። ርቀቱም አጭር መሆን አለበት። ጤነኛ ሰው በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይራመዳል፤ ፎቶ እያነሳ የሚሄድ ሰው ግን አንድ ወይም አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ከሄደ ፈጥኗል። ለሦስት ሰዓት ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ያወጣ አዘጋጅ የእግር ጉዞ ነው ያዘጋጀው። አንድ ሰፈር ላይ ተወስኖ መቆየት ፍሬ እንዳለው በ1936 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ፎቶ ሊግ የተባለው ማኅበር ያሳየ ይመስለኛል። የዚህ ማኅበር አባላት በቡድን በቡድን ሆነው አንድን ሰፈር እየመረጡ ደጋግመው ይመላለሱበት፣ ያነሱትንም በጋራ እያዩ ይተቹ ነበር፤ በአሮን ሲስኪንድ የሚመራው ቡድን በሐርለም የሠራው ሥራ ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል። ማኅበሩ በ1947 በአሜሪካ መንግሥት ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቶ በ1951 ፈረሰ። የኛ መሰባሰቢያ የሁለት ቀን ነገር ነው፤ ቢሆንም አንድ ሰፈርን መርጦ ከእርሱ አለመውጣት የሚለውን ከእነርሱ መውሰድ አያስከፋም።

ሕጉን ማወቅ የአዘጋጁ ግዴታ ነው፤ ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። በኒው ዮርክ ካሜራ በእጁ የያዘ ወይም ትራይፖድ የዘረጋ ሰው መንገዱን ለብቻው እስካልያዘ ድረስ የከተማውን ፈቃድ አይጠየቅም። በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ውስጥ ለራስ የሚሆን ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ፍላሽና ትራይፖድ ግን ክልክል ነው። በፓሪስ የኤፍል ማማን ቀን ማንሳትና ማሳተም ማንንም አያስጠይቅም፤ የሌሊት የመብራት ሥራው ግን የፈጠራ መብት ስላለው ፎቶውን ለንግድ ማዋል ፈቃድ ይጠይቃል። በጀርመን ሰው በምስሉ ላይ ያለው መብት በ1907 በወጣ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ለዚያ ሕግ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ በ1898 ሁለት ፎቶ አንሺዎች ሌሊት የቀድሞው የጀርመን መራሔ መንግሥት የቢስማርክ አስከሬን ወዳረፈበት ክፍል ገብተው ማንሳታቸው ነበር። በየትኛውም ከተማ አሳሳቹ ግን የሕዝብ መስሎ የግል የሆነ ቦታ ነው። በአዳዲስ የቢሮ ሰፈሮች ውስጥ ያለው አደባባይ፣ ወንበሩና ፏፏቴው ለሁሉም ክፍት ቢመስልም ባለቤቱ ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ ጥበቃው መጥቶ «እዚህ ማንሳት አይቻልም» ሲል ትክክል ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ በቡድኑ ስም የሚናገረው አዘጋጁ ብቻ ነው፤ የሚናገረውም «ይቅርታ፣ ወሰኑ እስከ የት እንደሆነ ቢያሳዩን ከዚያ ወዲያ እንሆናለን» የሚል ቢሆን ጥበቃው ራሱ የተሻለ ቦታ ጠቁሞ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለ ሕግ የሚከራከር ተሳታፊ ካለ ክርክሩን ከጉዞው በኋላ ይቀጥል።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። አንድ ካሜራ፣ አንድ ሌንስ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ትርፍ ሜሞሪ ካርድ፣ ምቹ ጫማና ቀላል የዝናብ ልብስ በቂ ነው። ሠላሳ አምስት ወይም ሃምሳ ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዞ የመጣ ሰው ሌንስ በመቀያየር የሚያጠፋውን ጊዜ በእግሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመሄድ ይጠቀምበታል። ስልክ ብቻ ይዞ የመጣም አይከለከልም፤ ጥሩ ያየ ሰው በስልክም ያያል።

ዝናብ ከመጣ መሰባሰቢያው አይሰረዝም፤ የፀደይ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ መጥቶ የሚያልፍ ነው። ሲዘንብ የሚጠለሉበት፣ ለፎቶም የሚሆን ሽፋን ያለው ቦታ፣ ለምሳሌ ትልቅ የባቡር ጣቢያ ወይም ጣሪያ ያለው ገበያ፣ ከመንገዱ አሥር ደቂቃ ባልራቀ ቦታ ላይ አስቀድሞ ታውቆ መገኘት አለበት። ዝናቡ ባቆመ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግን ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ። አስፋልቱ እርጥብ ሆኖ የትራፊክ መብራቱን ቀይና አረንጓዴ ወደ ላይ የሚመልሰው፣ ኩሬው የሕንፃውን ጫፍ የሚይዘው ያኔ ነው፤ ካሜራውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ከኩሬው አፍ ላይ ማንሳት ደግሞ መንበርከክን ይጠይቃል።

የመገናኛ ቦታው በመልእክት ሲገለጽ «አደባባዩ ላይ» ማለት አይበቃም። ትልቅ ጣቢያ ስድስት መውጫ ሊኖረው ስለሚችል የመውጫው ስም ወይም ቁጥር፣ ከመውጫው በየትኛው በኩል እንደሚቆም፣ ለዘገየ ሰው ደግሞ ቡድኑ በየትኛው ሰዓት የት እንደሚሆን ይጻፍለት። መጸዳጃ ቤትና መቀመጫ ያለበት ቦታ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ መገኘቱን የማያረጋግጥ አዘጋጅ በሁለተኛው ቀን ተሳታፊው ለምን እንደቀነሰ ሊገርመው አይገባም።

ይህን ሁሉ ያቀድኩት ግን ለእሁድ ከሰዓት በኋላው ነው። ፎቶውን አብሮ ማየት በአብዛኛው መርሐ ግብር ላይ «ጊዜ ካለ» ተብሎ የሚጻፍ ነገር ነው፤ እኔ ግን ከማንሳቱ እኩል ቦታ ሰጥቼ ሁለት ሰዓት እመድብለታለሁ። እያንዳንዱ ሰው ከሁለቱ ቀናት ስምንት ፎቶ መርጦ በአሥር በአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ወረቀት ያሳትማል፤ በትልቅ ከተማ እሁድም ቢሆን በደቂቃዎች ውስጥ የሚያትም ማሽን አይጠፋም። ፎቶዎቹ ስም ሳይጻፍባቸው በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ። በስልክ ሲታይ ባለቤቱ ጣቱን እያንሸራተተ ታሪኩን ይነግረናልና የምናየው ፎቶውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ ጥግ ላይ አብረው የቆሙ ሰዎች ሥራ ጎን ለጎን ይገናኛል። ጥቁር ጃንጥላ የያዙ አንድ ሽማግሌ በሦስት ሰው ፎቶ ውስጥ ይወጣሉ፤ በአንዱ ከመንገዱ ማዶ ስለተነሱ ከሕንፃው ሥር ነጥብ ያህል ናቸው፣ በሌላው ጃንጥላው ብቻ የምስሉን ግማሽ ሸፍኗል፣ በሦስተኛው እርሳቸው ካለፉ በኋላ የቀረው እርጥብ የጫማ ዱካ ነው የሚታየው። ሦስቱን ወረቀቶች አንድ ላይ ገፋ አድርጎ ማስጠጋት ስለ ቅንብር ከሚሰጥ ማንኛውም ገለጻ በላይ ያስተምራል። ደንቡ አንድ ነው፤ ያነሳው ሰው ሌሎቹ ያዩትን እስኪጨርሱ አይናገርም። የሚተቸውም «ያምራል» በማለት አይታለፍም፤ ዓይኑ መጀመሪያ የት እንዳረፈ፣ ከዚያ ወዴት እንደሄደ ይናገራል። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ልምድ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ከጀማሪው ያንሳል፤ ልምዱ ሁልጊዜ የሚያነሳውን ነገር እንዲደግም ያደርገዋልና።

ፎቶዎቹ ከጠረጴዛው ወጥተው በጋራ ስብስብ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ጥቂት ነገር አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። በስልክ የተነሳ ፎቶ፣ አንዳንድ ካሜራም እንዲሁ፣ የተነሳበትን ቦታ በጂፒኤስ መዝግቦ ይይዛል፤ በሰው መኖሪያ ደጃፍ ላይ የተነሳ ፎቶ ከሆነ ይህ መረጃ ከመላኩ በፊት መጥፋት አለበት። ልጅ ፊቱ ለይቶ የሚታይበት ፎቶ ወላጅ ካልፈቀደ በስብስቡ ውስጥ አይገባም። በመንገድ ላይ «አጥፋልኝ» ያለ ሰው ካለ ሕጉ ምንም ቢፈቅድ አጠፋዋለሁ፤ ለአንድ ፎቶ ሲባል በዚያ ሰፈር ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ እንዲጠላ ማድረግ አይገባም ብዬ ነው። የየሰው ፎቶ ባለቤትነት የየሰው ነው፤ ከስብስቡ ወስዶ ሌላ ቦታ ለማውጣት የሚፈልግ ባለቤቱን ይጠይቃል። መላኪያው እስከ ረቡዕ ማታ ነው፤ ከዚያ ያለፈ አይጠበቅም፣ ስብስቡም ይዘጋል።